ከእናት ጓዳ የተረፈ ቋንቋ

ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ስለ አንድ እጅግ ሩቅ አገር ሕዝብ ነው። ይሁን እንጂ ነገሩን የምጀምረው ከራሴ ቤት ነው፤ ሩቅ አገር ሄጄ ያየሁት ነገር የገዛ ቤቴን ጉድለት አሳይቶኛልና።

እናቴ ከጉራጌ አገር የመጣች ስትሆን አባቴ የመንዝ ሰው ነበር። እናቴ መርካቶ ቅቤ ስትነግድ ትውልና ማታ ስትመለስ ከጎረቤት ዘመዶቿ ጋር በአገሯ ቋንቋ ትጫወታለች። እኔም ስትጠራኝ እሰማት ነበር። አንድ ቀን የትምህርት ቤት ጓደኞቼ ቤታችን መጥተው ሳለ እናቴ ከጓዳ በጉራግኛ ጠርታ ለእንግዶቹ ውሃ እንዳቀርብ አዘዘችኝ። ልጆቹ እርስ በርስ ተያይተው ሳቁ። እነርሱ እንደሄዱ እናቴን «ሰው ባለበት በዚያ ቋንቋ አትጥሪኝ» አልኋት። አልተቆጣችም። «እሺ» ብላ ወደ ጓዳዋ ተመለሰች። ከዚያን ቀን ወዲህ በአገሯ ቋንቋ ጠርታኝ አታውቅም።

ይህን ነገር ለብዙ ዓመታት ረስቼው ኖርሁ። ያስታወሱኝ በማካው ከተማ ያገኘኋቸው አንዲት አረጋዊት ናቸው።

የምሠራው በአንድ ሆቴል የምግብ ዝግጅት ክፍል ውስጥ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሦስት ሳምንት ሥልጠና ወደ ማካው ተልኬ ነበር። ማካው በደቡብ ቻይና ጠረፍ፣ የፐርል ወንዝ ወደ ባሕር በሚገባበት ሥፍራ፣ ከሆንግ ኮንግ በስተምዕራብ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ከሆንግ ኮንግ ወደዚያ የተሻገርሁት በ2018 በተከፈተውና ርዝመቱ 55 ኪሎ ሜትር በሆነው የባሕር ድልድይ በአውቶቡስ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የቁማር ቤቶቹ መብራት ሌሊቱን ቀን ያስመስለዋል። ወደ አሮጌው ሰፈር ሲገባ ግን የየመንገዱ ስም በነጭና ሰማያዊ ሸክላ ላይ በፖርቱጋልኛና በቻይንኛ ተጽፎ ይታያል። ከተማይቱ ከአራት መቶ ዓመት በላይ የፖርቱጋሎች መኖሪያ ሆና ከቆየች በኋላ ዲሴምበር 20 ቀን 1999 ወደ ቻይና አስተዳደር ተመልሳለች።

በሥልጠናው ሁለተኛ ሳምንት የአካባቢውን ባህላዊ ምግብ እንዲያሳዩን አንዲት ጡረተኛ ወይዘሮ ተጋብዘው መጡ። ዕድሜያቸው ሰባ ዓመት ገደማ ይሆናል። መልካቸውን ባየው ባየው የየት አገር ሰው እንደሆኑ መገመት አቃተኝ። ዓይናቸው የቻይና፣ አፍንጫቸው የአውሮፓ፣ የቆዳቸው ቀለም ደግሞ ወደ ሕንድ ያደላል። በዕረፍት ሰዓት ሻይ ስንጠጣ «ቻይናዊት ነዎት ወይስ ፖርቱጋላዊት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ይህን ጥያቄ ዕድሜ ልካቸውን ሲሰሙት የኖሩ መሆናቸው ከፈገግታቸው ታወቀኝ። «እኔ የአገሩ ልጅ ነኝ» አሉኝ።

እኚህ ወይዘሮ በእንግሊዝኛ «ማካኒዝ» ከሚባሉት ሕዝብ ወገን ናቸው። የማካው ነዋሪ ሁሉ ማካኒዝ ይባላል ማለት አይደለም። ከነዋሪው አብዛኛው ቻይናዊ ሲሆን ማካኒዞቹ ከፖርቱጋሎችና ከልዩ ልዩ የእስያ ሕዝቦች የተወለዱ፣ ቁጥራቸውም እጅግ አነስተኛ የሆነ ወገኖች ናቸው። ራሳቸውን በፖርቱጋልኛ «ፊልዮስ ዳ ቴራ» ይላሉ፤ የአገሩ ልጆች ማለት ነው። እኛ ከሁለት ወገን የተወለደውን ሰው «ክልስ» እንለዋለን፤ ስንለውም ብዙ ጊዜ ከሁለቱም የጎደለ እንዲመስለው አድርገን ነው። እነዚህ ሰዎች ግን ከሁለት ወይም ከሦስት ወገን መወለዳቸውን የአገሩ ልጅ ለመሆናቸው ማስረጃ አድርገው ይቆጥሩታል። ይህ አነጋገር ልቤን ስለነካኝ የወይዘሮዋን የቤት ግብዣ በደስታ ተቀበልሁ።

መኖሪያቸው በአንድ ረጅም ፎቅ ላይ ያለች ጠባብ ቤት ናት። የአሳማ ሥጋ እንደማልበላ አስቀድሜ ነግሬያቸው ስለነበር ከበሬ ሥጋ «ሚንቺ» የተባለውን የየዕለት ምግባቸውን ሠርተው ጠበቁኝ። ሚንቺ የተፈጨ ሥጋ በሽንኩርትና በአኩሪ አተር ስጎ ተጠብሶ፣ ደቀቅ ብሎ ከተከተፈ የድንች ጥብስ ጋር ተደባልቆ፣ እንቁላል ከላዩ ተደርጎበት ከሩዝ ጋር የሚበላ ነው። ስሙ ከእንግሊዝኛ መጣ ይባላል። ስጎው የቻይና ነው። አቀራረቡ የአውሮፓ ነው። «የአፍሪካ ዶሮ» የሚባል ሌላ ምግብም እንዳላቸው ነገሩኝና እኔን አይተው ሳቁ። በቃሪያ፣ በኮኮነትና በለውዝ የሚሠራ ነው። የፖርቱጋል መርከቦች በሞዛምቢክ፣ በሕንድ ጎዋና በማላካ በኩል ያልፉ ስለነበር የየወደቡ ቅመም ወደ አንድ ድስት ገባ።

እኔም «እነዚህ ቅመሞች በመርከብ ብቻ ነው የመጡት?» ብዬ ጠየቅሁ። ወይዘሮዋ ራሳቸውን ነቀነቁ። «በሴቶች እጅ ነው የመጡት» አሉኝ። ቀጥሎ የምነግራችሁ ከእርሳቸው የሰማሁትንና ወደ አገሬ ከተመለስሁ በኋላ አንብቤ ያረጋገጥሁትን ነው።

ፖርቱጋሎች ጎዋን የያዙት በ1510፣ ማላካን በ1511፣ በማካው የሰፈሩት ደግሞ በ1557 ነው። በነዚያ መርከቦች የሚጓዙት ወንዶች ነበሩ ለማለት ይቻላል። ስለዚህ ነጋዴዎቹና ወታደሮቹ ትዳር የመሠረቱት በየደረሱበት ነው። የመጀመሪያዎቹ የማካው እናቶች ከጎዋ፣ ከማላካና ከጃፓን የመጡ ሴቶች ነበሩ። ጃፓን በ1614 የክርስትናን ሃይማኖት በከለከለች ጊዜ ብዙ ጃፓናውያን ክርስቲያኖች ወደ ማካው ሸሹ። በባርነት ተሸጠው የመጡ የእስያና የአፍሪካ ሴቶችም ነበሩ። ወላጆቻቸው ከድህነት የተነሣ የጣሏቸው የቻይና ሕፃናት ሴቶችም ክርስትና እየተነሡ በየቤቱ አድገዋል። ከዚያም በኋላ ከቻይናውያን ጋር ጋብቻው እየበዛ ሄደ።

በ1996 የታተመው የማካኒዝ ቤተሰቦች የትውልድ ሐረግ መጽሐፍ ሦስት ትላልቅ ቅጾች አሉት። ይሁን እንጂ አንዲት የማላካ ወይም የቻይና ልጅ ክርስትና ስትነሣ የፖርቱጋል ስም ይሰጣት ነበር። ማሪያ ወይም አና ተብላ ከተመዘገበች በኋላ የትውልድ ስሟ፣ የአባቷ ስምና መንደሯ ይጠፋል። የአባቶቹ ስም ሲቆይ የእናቶቹ እየተሠረዘ ሄደ ማለት ነው። የእናቶቹ ወገን የቀረው በድስቱ ውስጥና በአነጋገሩ ነው።

እዚህ ላይ ስለ አገራችን አንድ ነገር ላንሣ። በ1541 በክሪስቶቫዎ ዳ ጋማ መሪነት አራት መቶ ያህል የፖርቱጋል ወታደሮች በምጽዋ በኩል ወደ አገራችን መግባታቸው በታሪክ የታወቀ ነው። የመጡትም ከዚያው ከጎዋ ነበር። ከጦርነቱ የተረፉት ብዙዎቹ እዚሁ ቀርተው ከኢትዮጵያውያን ሴቶች ወልደዋል። ዛሬ የእነዚያ ልጆች ቋንቋ የለም፤ ከአገሬው ጋር ተዋሕዶ ቀርቷል። በማካው ግን ወደቡ ክፍት ስለነበር አዳዲስ መርከቦች በየጊዜው ይመጡ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያኑና የከተማው አስተዳደርም ስለነበሩ የተደባለቀው ቤተሰብ ራሱን የቻለ ሕዝብ ለመሆን በቃ። የራሱንም ቋንቋ አወጣ።

ይህ ቋንቋ «ፓቱዋ» ይባላል። ተናጋሪዎቹ ሲያቆላምጡት «የማካው ጣፋጭ ንግግር» ይሉታል። አብዛኛው ቃሉ የፖርቱጋል ሲሆን የማላይ፣ የሕንድ፣ የጃፓንና የካንቶን ቻይንኛ ቃላት ገብተውበታል። ሰዋስዉ ደግሞ ከፖርቱጋልኛ የተለየ ነው። ለምሳሌ «ካዛ» ቤት ማለት ነው፤ ብዙ ቤቶች ለማለት እንደ ማላይ ቋንቋ ቃሉን ደግመው «ካዛ-ካዛ» ይላሉ። ግሡም እንደ ፖርቱጋልኛው በእኔ፣ በአንተና በእርሱ አይለዋወጥም። ፖርቱጋልኛውን ተምረው ሳይሆን እየሰሙ የለመዱት የማላካና የጎዋ እናቶች ለልጆቻቸው ያወሩት በዚህ መልክ ነበር። ልጆቹም አፋቸውን የፈቱት በዚሁ ነው።

ወይዘሮዋ ይህን ሲነግሩኝ «እርስዎ ይናገሩታል?» አልኋቸው። ዝም አሉ። ከዚያም የሻይ ሲኒያቸውን አስቀምጠው እንዲህ ሲሉ አጫወቱኝ፦

«አያቴ ከፓቱዋ በቀር ሌላ ቋንቋ ደኅና አድርገው አያውቁም ነበር። እናቴ ግን እኔ ከአያቴ የሰማሁትን ቃል ጠረጴዛ ላይ ስደግመው ይቆነጥጡኝ ነበር። ‹ይህ የተሰበረ ፖርቱጋልኛ ነው፤ በትምህርት ቤት ይሳቅብሻል፤ የመንግሥት ሥራም አታገኚም› ይሉኝ ነበር። እናቴ ክፉ ሰው አልነበሩም። እውነታቸውን ነው። ጥሩ ፖርቱጋልኛ ያልቻለ በመሥሪያ ቤት አይቀጠርም። እኔም ጥሩ ፖርቱጋልኛ ተምሬ ሠላሳ ዓመት በጸሐፊነት ሠርቼ ጡረታ ወጣሁ። ከአያቴ የቀሩኝ ግን የወጥ ቤት ቃላት ብቻ ናቸው። ድስት በእጄ ሲሆን ይመጡልኛል። ሳሎን ስቀመጥ ይጠፉብኛል።»

ይህን ስሰማ የእናቴ «እሺ» የሚለው ቃል በጆሮዬ መጣ። በእርሳቸው ቤት እናት ልጅን ዝም አሰኘች፤ በእኛ ቤት ልጅ እናትን። ያጠፋነው ግን አንድ ዓይነት ነገር ነው።

የሚያሳዝነው ነገር ማካኒዞቹ በአንድ ቦታ አለመቆየታቸው ነው። እንግሊዞች በ1841 ሆንግ ኮንግን በያዙ ጊዜ ብዙ ቋንቋ በማወቃቸው በባንክና በንግድ ቤቶች በጸሐፊነት ለመቀጠር ወደዚያ ተሻገሩ፤ ቆይተውም ወደ ሻንግሃይ ሄዱ። ሥራው የተከበረ ቢሆንም ለትልልቁ ሹመት የሚታጨው እንግሊዛዊ ነበር። በዲሴምበር 1941 ጃፓን ሆንግ ኮንግን ስትወር፣ ፖርቱጋል በጦርነቱ ገለልተኛ ስለነበረችና ማካው ስላልተያዘች፣ ብዙዎቹ ስደተኛ ሆነው ወደ አያቶቻቸው ከተማ ተመለሱ። የወይዘሮዋ እናትም በዚያን ጊዜ በአንድ ሻንጣ ተሻግረው የመጡ ልጃገረድ ነበሩ። በማካው ረሃቡ ጽኑ ነበር። «አያቴ ከምንም ነገር ምግብ ይሠሩ ስለነበር ተረፍን እያሉ እናቴ ይናገሩ ነበር» አሉኝ።

በ1949 ደግሞ የሻንግሃዮቹ ተሰደዱ። በ1966 በማካው፣ በ1967 በሆንግ ኮንግ ሁከት በተነሣ ጊዜ ብዙ ቤተሰብ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ካሊፎርኒያ፣ ካናዳ፣ ብራዚል፣ አውስትራሊያና ፖርቱጋል ሄደ። ከ1999 በፊትም እንዲሁ ሌሎች ወጡ። የወይዘሮዋ ታላቅ ወንድም በካሊፎርኒያ፣ ታናሽ እኅታቸው በሊዝበን፣ ወንድ ልጃቸው በቶሮንቶ ይኖራሉ። ልጅ ልጆቻቸው እንግሊዝኛ ብቻ ይናገራሉ። «በስልክ ስናወራ ትንሿ ‹እኛ ምንድን ነን?› ብላ ትጠይቀኛለች። ቻይናዊ እንዳልላት ቻይንኛ አታውቅም፤ ፖርቱጋላዊ እንዳልላት ፖርቱጋልኛ አታውቅም። ስለዚህ የገና ምግብ እንዴት እንደሚሠራ እነግራታለሁ» አሉኝ።

የገና ምግባቸው በእውነት የሚያስደንቅ ነው። ለገና ዋዜማ «ላካሳ» የተባለ ከማላይ የመጣ የሩዝ ፓስታ ሾርባ ይሠራሉ። ከዚያም ሦስት ዓይነት ጣፋጭ ይቀርባል። «አሉዋ» የሕፃኑ ኢየሱስ ፍራሽ፣ «ፋርተስ» ትራሱ፣ «ኮስኮራዎ» አንሶላው ነው እየተባለ ለልጆች ይነገራል። እናቶች ለሕፃኑ ጌታ አልጋ እያነጠፉ ልጆቻቸውን ጣፋጭ ያበላሉ ማለት ነው።

ነገር ግን በወጥ ቤቱም በኩል አንድ ችግር ነበረባቸው፤ ይህም ምስጢረኛነት ነው። በማካኒዝ ቤተሰቦች ዘንድ የምግብ አሠራር ከልጅ በቀር ለማንም የማይነገር ምስጢር ሆኖ ኖሯል። ጽሕፈቱን ሲያውሱ እንኳ አንዱን ቅመም መዝለል የተለመደ ነበር። ወይዘሮዋ የአክስታቸውን ደብተር አሳዩኝ። በሚያምር የእጅ ጽሑፍ የተሞላ አሮጌ ደብተር ነው። በአንዱ ገጽ ላይ «ጨው» የሚለው ቃል ተሰርዞ ከጎኑ በእርሳቸው እጅ «ባሊሻውን» ተብሎ ተጽፏል። ባሊሻውን ደቃቅ የባሕር ሽሪምፕ በጨውና በቅመም ተከድኖ ከርሞ የሚበስል እንደ ድልህ ያለ ማጣፈጫ ነው። አክስትየው ጨው ነው ብለው ሞቱ። ወይዘሮዋ ሃያ ዓመት ሙሉ ያንን ወጥ ሠርተው የአክስታቸው ጣዕም እምቢ አላቸው። በኋላ ግን ከ1993 ጀምሮ በልዩ ልዩ ዓለም የተበተኑት ማካኒዞች በየጥቂት ዓመቱ ወደ ማካው እየመጡ በሚሰበሰቡበት ጉባኤ ላይ ከብራዚል የመጣች የሥጋ ዘመዳቸውን አገኙ። ያቺ ሴት «እናቴ እኮ በማንኪያ ባሊሻውን ትጨምርበት ነበር» ብላ ነገረቻቸው። አንድ ማንኪያ ባሊሻውን ወደ ቤቱ የተመለሰው ከሌላው የዓለም ጫፍ ዞሮ ነው።

ምስጢሩን ላለመቅበር የወሰኑም አሉ። አይዳ ደ ጄሱስ የተባሉት የታወቁ የማካኒዝ ምግብ ባለሙያ ከመቶ ዓመት በላይ እስኪሆናቸው ድረስ በቤተሰባቸው ምግብ ቤት እየተቀመጡ እንግዳ ይቀበሉ ነበር። ያረፉት በ2021 በ105 ዓመታቸው ነው። ፓቱዋንም ይናገሩ ነበር። እንደ እኔ የሴቶችን ዓምድ ለሚያነቡ ደግሞ ዴዎሊንዳ ዳ ኮንሴይሳዎን ላስተዋውቃችሁ። ይህች ማካኒዝ ሴት በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ በአንድ የማካው ጋዜጣ የሴቶችን ገጽ ታዘጋጅ ነበር። በ1956 «ቼዎንግ-ሳም» የተባለ የአጫጭር ልብ ወለድ መጽሐፍ አሳትማለች፤ በመጽሐፉም የቻይናን ሴቶች መከራና በሁለት ወገን መካከል የቆሙ ሰዎችን ሕይወት ገልጻለች። በማግሥቱ ዓመት ሞተች።

ቋንቋውንስ ምን አገኘው? በ2009 የዩኔስኮ መዝገብ ፓቱዋን ሊጠፉ ጫፍ ላይ ከደረሱት ቋንቋዎች ጋር መድቦታል። ደኅና አድርገው የሚናገሩት በጥቂት ዐሥሮች የሚቆጠሩ ሽማግሌዎች ነበሩ። ታላቁ የፓቱዋ ባለቅኔ ዦዜ ዶስ ሳንቶስ ፌሬይራ በ1993 ሲሞቱ ብዙ ሰው «በዚሁ አበቃ» ብሎ ነበር። ነገር ግን በዚያው ዓመት «የማካው ጣፋጭ ንግግር» በሚል ስም አንድ የቲያትር ቡድን ተቋቁሞ በቋንቋው አስቂኝ ቲያትር ማሳየት ጀመረ። ቻይናም በ2021 የፓቱዋ ቲያትርንና የማካኒዝን የምግብ አሠራር በብሔራዊ የባህል ቅርሶቿ መዝገብ አስገብታለች። ወይዘሮዋ በየዓመቱ ወደ ቲያትሩ ይሄዳሉ። «ግማሹን አልሰማውም፤ ነገር ግን እስቃለሁ። የአያቴ ድምፅ ይመስለኛል» አሉኝ።

ስሰናበታቸው አንድ ቃል አስተማሩኝ፤ «ሳያን» የሚል ነው። ከማላይ የመጣ ሲሆን «ያሳዝናል»ም «ናፍቆት»ም ማለት ነው። ሁለቱን በአንድ ቃል መናገር ያስፈልጋቸው ነበርና አልገረመኝም።

ወደ አገሬ ከተመለስሁ በኋላ አንድ ቅዳሜ ደብተር ገዝቼ እናቴ ዘንድ ሄድሁ። ዕድሜዋ ሰማንያ አልፏል። ዓይኗ ደክሟል፤ ልቧ ግን ደኅና ነው። «እማዬ፣ የአገርሽን ቋንቋ ልጻፍ» አልኋት። ለረጅም ጊዜ አየችኝ። «ምን ያደርግልሻል? ተዪ ያልሽኝ አንቺው እኮ ነሽ» አለችኝ። እኔ የረሳሁትን እርሷ አልረሳችውም ነበር። ይቅርታ ጠየቅኋት። «ልጅ ነበርሽ» አለችና ወዲያው «እስቲ ከጣባው ጀምሪ» ብላ ክትፎ የሚቀርብበትን ዕቃ አስመጣችኝ።

ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው ከሴት ልጄ ጋር እንሄዳለን። እኔ እጽፋለሁ፤ ልጄ በስልኳ ድምፅ ትቀዳለች። በመጀመሪያ የጓዳው ዕቃ፣ ቀጥሎ የቆጮው አሠራር፣ ቀጥሎ ለመስቀል የሚባለው። አንዳንዱ ቃል «ጠፋብኝ» ትላለች፤ ለእርሱ ባዶ መስመር እተዋለሁ። አንዳንዱ ከሳምንት በኋላ ይመጣላታል፤ አንዳንዱ እስካሁን አልመጣም። ልጄን አሁን በጉራግኛ ትጠራታለች፤ ልጄም «አቤት» ትላለች። እኔን ግን እስካሁን በአማርኛ ነው የምትጠራኝ። አልቸኩላትም።

እናቶች ሆይ፤ ብዙዎቻችን ከሁለት ወገን የተወለድን ወይም ከሁለት ወገን የወለድን ነን። ልጆቻችን ለሥራና ለትምህርት የሚጠቅማቸውን ቋንቋ እንዲያውቁ መትጋታችን ትክክል ነው። የማካኒዞቹ እናቶችም የሠሩት ይህንኑ ነው። ነገር ግን አንዱን ለማስተማር ሌላውን ማሳፈር አያስፈልግም ነበር። ሕፃን ሁለቱንም መያዝ ይችላል። ስለዚህ እናትሽ ወይም አማትሽ በሕይወት ካሉ አንድ ደብተር ያዢና ከወጥ ቤቱ ጀምሪ። ስትጽፊም ምንም ቅመም አትዝለይ።